የጎደለችው መስመር

ባሂራ የተቀደደውን ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ስትጥል ያየሁት ፖስታውን እንጂ ልጅቷን አልነበረም። በኮሌጃችን ደንብ የትምህርት ማስረጃ ታሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ማህተም ተመትቶበት ነው ለተመራቂ የሚሰጠው። ተመራቂው ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ ይዞ ሄዶ ለዞኑ ቢሮ ያስረክባል፤ አይከፍተውም። የተከፈተውን ዞኑ አይቀበልም፣ እኛም ደግመን አንሰጥም። ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ይህን ደንብ ጥሶ ፊቴ የቀረበ ተማሪ አላየሁም ነበር።

«ማን ክፈች አለሽ?» አልኳት።

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ስለ እኔ የተጻፈውን የዞን ሰው ሁሉ ሲያነበው እኔ የማላነብበት ምክንያት አልገባኝም፣ ቲቸር። ይልቅ ያንብቡት።»

አነጋገሯ አልጣመኝም። ወረቀቱን ያወጣሁት ደግሞ ልቆጣት የምችልበት ሌላ ነገር ባገኝ ብዬ ነው። ባሂራ ዑመይር፣ የቆሼ ልጅ፣ ሒሳብ ክፍል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከክፍሏ አንደኛ። ከግርጌው «ሁኔታ» የሚል ቦታ አለ፤ ለሁሉም ተመራቂ «መደበኛ» ተብሎ የሚታተምበት። የእሷ ላይ «ስንብት፤ ምክንያት፦ በሁከት መሳተፍ» ይላል።

ጊዜው ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ነው። የ1997ቱ ምርጫ ካለፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል፤ ግርግሩ ግን ከሰው አፍ አልወጣም ነበር። እንዲያ ያለ ቃል የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የመንግሥት ቢሮ የሚገባ ሰው ሥራ ማጣቱ ቀላሉ ነገር ነው። ኮሌጃችንም በዚያ ዓመት ሦስት ተማሪዎች አሰናብቷል፤ ባሂራ ከሦስቱ አንዷ አይደለችም። ከወንበሯ ተነስታ የማታውቅ ልጅ ናት።

«የዞኑ የሥራ ምደባ ዛሬ አስራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል» አለች። «ዛሬ ካላስገባሁ ወደ ከርሞ ነው። አምና ለከርሞ የተባሉት አሁንም ቁጭ ብለዋል፤ አይቻቸዋለሁ። ይህን ወረቀት ካስገባሁ ደግሞ ከርሞም የለኝም።»

ዐርብ ነው፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል። ወልቂጤ በዚያን ጊዜ መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ያውም ሚኒባሱ ቶሎ ከሞላ። «ተቀመጪ» አልኳት። አልተቀመጠችም።

ማስረጃ የሚያትመውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። መኩራራት እንዳይመስላችሁ ልል አልኩና ተውኩት፤ መኩራራት ነው። ኮሌጁ የነበሩት ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ በላያቸው የሚሠራልን የፕሮግራም ቋንቋም ሲ ብቻ ነበር። ሌላው ዓለም እንደ ጃቫ ባሉ ቋንቋዎች በኦብጀክት ይሠራል፤ ማለትም ስለ አንድ ሰው የሚታወቀውንና በእሱ ላይ የሚሠራውን አንድ ላይ አድርጎ እንደ አንድ ነገር ይይዘዋል። ሲ ይህን አያውቅም። እኔ ግን ሁለት ክረምት ቁጭ ብዬ በራሴ እጅ አሳወቅሁት። «ሰው» የሚባል ወላጅ ሠራሁ፤ ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሁኔታ የሚይዝ። «ተማሪ» እና «መምህር» ከእሱ ይወለዳሉ፤ የሰውን ሁሉ ወርሰው የየራሳቸውን ይጨምራሉ። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ሲ ላይ ይህን መሥራት እብደት ነው ብለውኝ ነበር። ሠርቼ አሳየኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ደውለውልኝ አያውቁም።

መፍጠር ሁለት ሥራ ነው፤ ተማሪዎቼን የማስተምረውም እንዲሁ ብዬ ነው። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ላይ ለኦብጀክቱ ክፍል ትሰጠዋለህ። ቀጥሎ ክፍሉን ታዘጋጃለህ። ቡታጅራ ውስጥ ለተማሪ ቤት የሚያከራይ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የለቀቀው ተከራይ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ሳትነቅል አዲስ ሰው ካስገባህ፣ አዲሱ በማያውቀው ሰው ፎቶ ሥር ይተኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይነት ክፍሉን የሚጠርግ «አዘጋጅ» የሚባል ፋንክሽን አለው፤ አዲስ ተማሪ ሲፈጠር የወላጁ፣ የሰው አዘጋጅ ቀድሞ ይጠራል፣ የተማሪው አዘጋጅ ይከተላል። ወላጁን ሳይጠራ ያለፈ ሁሉ የሚያገኘው ያደረ ቆሻሻ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስንቴ እንደጻፍኩት አንድዬ ይቁጠረው።

እንግዲህ የባሂራን ወረቀት እንዳየሁ የመጣልኝ አንድ ስም ነው፤ ነብዩ።

ነብዩ የወልቂጤ ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ረዳት መምህር ነው። በመጣ በሳምንቱ ሥራዬን አየና «ጋሽ ፈቃደ፣ ይሄን እኮ በጃቫ በሁለት ሳምንት እንጨርሰዋለን» አለኝ፤ ሰው መሀል። ሁለት ክረምቴን በሁለት ሳምንት ለወጠልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታችን በአንገት ነው። ኮሌጁ አስገድዶኝ «ተማሪ» የሚለውን ክፍል እንደገና እንዲጽፍ ለእሱ ሰጠሁት፤ «መምህር» እና «ሰው» የእኔ ናቸው፣ ማንም አይነካቸውም። ሐሙስ ቀን ሙሉውን ማስረጃ ሲያትም የዋለውም እሱ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ከማየቴ በፊት ጥፋተኛውን አገኘሁት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ባሂራን አስከትዬ ሬጅስትራር ገባሁ። ሬጅስትራሯ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የአንድ ሺህ ልጅ ፋይል በእጇ ትይዝ የነበረች ሴት ናት፤ ፕሮግራሜን እንደ እንጀራ ልጅ ነው የምታየው። ኮምፒውተሩን አስነሳሁና የባሂራን ፋይል አስከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ «ሁኔታ፦ መደበኛ» ብሎ ወጣ። ዘግቼ ከፈትኩ፤ መደበኛ። ሦስተኛም መደበኛ።

«እሰይ» አለች ተናኘወርቅ። «ትናንት ያባርራል፣ ዛሬ ይመልሳል። ዲን እንኳን እንዲህ አይችልም።»

«እንግዲያው እንደገና ያትሙልኝ» አለች ባሂራ።

ቀላል ይመስላል። ወጥቶ የተመዘገበ ማስረጃ ግን በዲኑ ፈቃድ ካልሆነ አይታተምም። ዲኑ አቶ ወልደማርያም ደግሞ ሁለቱን ነገር፣ ወረቀቱንና ስክሪኑን፣ አስተያይቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ነው የታየው። ማሽኑ ንጹሕ ናት ይላል፤ ወረቀቱ አይደለችም ይላል፤ ስለዚህ መሀል ላይ የሰው እጅ ገብቷል። በዚያ ዘመን የሰው እጅ ገብቷል ከተባለ ግምገማ ይጠራል።

ሦስት ተኩል ላይ ዲኑ ቢሮ ተሰበሰብን፤ እሱ፣ እኔ፣ ተናኘወርቅ፣ ነብዩ። ባሂራ በር ላይ ቆመች። ውጪ ቁሚ ስትባል «ስለ እኔ ነው» አለችና እዚያው ቀረች።

«ይሄ የአሠራር ሳይሆን የአመለካከት ችግር ነው» ብሎ ጀመረ ዲኑ። «ልጅቱ ትክክለኛ ማስረጃ ይገባታል፤ ይሰጣታል። ነገር ግን የጥፋተኛው ስም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ግለ ሂሱን አድርጎ ካልፈረመ ማህተሙ ከመሳቢያ አይወጣም። ነገ ዞን ቢጠይቀኝ ምን ልል ነው? ኮምፒውተር ተሳሳተ ልል? ኮምፒውተር አይሰናበትም።»

«እኔ እናገራለሁ» አልኩ። ቸኩዬ ነበር። «ነብዩ የተማሪን አዘጋጅ ሲጽፍ የወላጁን አዘጋጅ ሳይጠራ ዘሎታል። ክፍሉ ሳይጠረግ ልጅቷን አስገብቶባታል። ትናንት ከሰዓት የሦስቱ ስንብተኞች ዝርዝር ለዞን ሪፖርት ወጥቶ ነበር፤ ከእነሱ የአንዱ ቅሪት እሷ ላይ ቀረ። ስንቴ ነግሬዋለሁ። የማይሰማው ከእኔ መስማት ውርደት ስለሚመስለው ነው።»

«በአማርኛ» አለ ዲኑ።

የቤት ኪራዩን ምሳሌ ነገርኩት። ተከራዩን፣ ግድግዳውን፣ ያልተነቀለውን ፎቶ። ገባው፤ ራሱን ነቀነቀና ቃለ ጉባኤው ላይ መጻፍ ጀመረ። ነብዩ ብዕሩን አየው። ፊቱ ሲጠቁር አይቼ አንጀቴ ራሰ።

«ስሜ ተጽፎ ሳያልቅ ኮዱ ይከፈት» አለ ነብዩ።

«ግምገማ ላይ ሂስ ይቀበላሉ እንጂ…»

«እቀበላለሁ አቶ ወልደማርያም። ጋሽ ፈቃደ መስመሩ ይጎድላል ነው ያሉት። ይጉደልና እፈርማለሁ፣ ዛሬውኑም ሥራዬን እለቃለሁ።»

ዲኑ ሰዓቱን አየ። ባሂራ ከበሩ ላይ «አምስት ሰዓት ሊሆን ነው» አለች። ተነስተን ኮምፒውተር ክፍል ገባን።

ነብዩ የጻፈውን ከፍቼ ወደ ታች ስሄድ እርግጠኛ ነበርኩ። የተማሪ አዘጋጅ ጋ ደረስኩ። የመጀመሪያዋ መስመር የሰውን አዘጋጅ ትጠራለች። እኔ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት፣ ከነቦታዋ። ከሥሯም የእሱ ድርሻ የሆነውን ሁሉ፣ የትምህርት ክፍሉን፣ ውጤቱን፣ የመግቢያ ዓመቱን፣ አንድ በአንድ ባዶ አድርጎ ነው የሚጀምረው። የጠላት ሥራ ንጹሕ ሲሆን እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

«ዛሬ ጠዋት ጨምረሃታል» አልኩ።

ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ፋይሉ የተቀየረበት ቀን እዚያው ተጽፎ ይታይ ነበር፤ ከስምንት ወር በፊት። ተናኘወርቅ ጎንበስ ብላ ቀኑን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ማንበቡ ላይ ጎበዝ ናት።

ያን ጊዜ ነው ነብዩ አንተ ያለኝ። «ተነስ» አለ። «መምህር ልፍጠርልህ።»

«ምን?»

«ተማሪን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መምህርን የጻፍከው አንተ ነህ፤ እጄ አልነካውም። ቆሻሻው ከእኔ ከሆነ መምህር ላይ አይታይም። መምህር ላይ ከታየ ግን ከወላጁ ነው፤ ወላጁንም የጻፍከው አንተ ነህ። ጠዋት ለምን ንጹሕ እንደሆነም አሳይሃለሁ።»

ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ለዲኑ እየጻፈ ነው የነገረው፤ ለእኔ አልነበረም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ሁለት መቶ ክፍል ያለው አንድ ትልቅ ንጹሕ ቦታ ይይዛል፤ ሁሉም ባዶ ነው። ፋይል በተከፈተ ቁጥር አንድ አዲስ ክፍል ይሰጣል፤ የተዘጋው ደግሞ ወደ ተመላሾች ክምር ይገባል። ሁለት መቶው ሲያልቅ ከተመላሾቹ ላይ ከላይ ያለውን አንስቶ ደግሞ ይሰጣል። ይህ የእኔ ዘዴ ነው፤ ሜሞሪ እንዳይባክን ብዬ፣ ኮርቼበት ያወጣሁት። ነገር ግን በቡታጅራ መብራት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ይሄዳል፤ መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ሁለት መቶውም እንደገና ንጹሕ ይሆናል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ክፍሎቹ አልቀው አያውቁም። ሐሙስ ግን ለምረቃው ተብሎ ጄኔሬተር ሙሉ ቀን ሠራ። ፕሮግራሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሞት ዋለ።

ነብዩ የጻፋት አጭር ፕሮግራም ሁለት መቶ ፋይል ከፍታ ዘጋች። ቀጥሎ የአንዱን ስንብተኛ ፋይል ከፍታ ዘጋች። ከዚያ አዲስ መምህር ፈጠረች፤ ስሙን «ፈቃደ» ብሎ አስገባላት።

ስክሪኑ ላይ ወጣሁ። «ፈቃደ። መምህር። ሁኔታ፦ ስንብት፤ ምክንያት፦ በሁከት መሳተፍ።»

ተናኘወርቅ ሳቀች፣ ከልቧ። ዲኑ አልሳቀም፤ የኮምፒውተር ክፍሉን በር ሄዶ ገርበብ አደረገው። እኔ የሰውን አዘጋጅ ከፈትኩ። ስምን ባዶ ያደርጋል፤ ጾታን፣ የትውልድ ቦታን ባዶ ያደርጋል። ሁኔታን አይነካውም። ለምን እንዳልነካሁት ወዲያው ትዝ አለኝ። ክፍሉ ሲሰጥ ባዶ ስለሆነ፣ ባዶውን እንደገና ባዶ ማድረግ የጀማሪ ሥራ ነው ብዬ ንቄ ነው። ከፋይል ሲነበብም ሁኔታ የሚጻፈው ስንብት ላለበት ብቻ ነው፤ ሌላው ባዶውን ይዞ «መደበኛ» ተብሎ ይወጣል። አንዲት መስመር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ እኔ ለዚያውም የሰውየውን ድስት ልደፋ ነበር።

ልዋሽ እችል ነበር። ነብዩ የሠራው ማታለያ ነው ብል ዲኑ የሚያምነው እኔን ነው፤ ስሙን ጀምሮ ጽፎታል፣ መሰረዝም አይወድም። አሰብኩበትም። ያሰብኩበትን ጊዜ ባሂራ ቆጠረችልኝ መሰለኝ፣ «ቲቸር፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል» አለች። ፊቷ ላይ ተስፋ አልነበረም፤ ሰዓት ብቻ ነው የነገረችኝ። ያ ይመስለኛል አፌን የከፈተው።

«የእኔ ነው» አልኩ። «የእኔን ስም ጻፍ።»

ዲኑ ጻፈ። ግለ ሂሴን አደረግሁ፤ አመለካከቴን አስገምግሜ፣ ከፕሮግራሙ ተነስቼ ታይፕ እንዳስተምር ተወስኖ ፈረምኩ። መስመሯን ግን እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኳት፤ ነብዩ ሊጽፋት ሲል እጁን ከኪቦርዱ አነሳሁት። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀችም። ከዚያ የባሂራ ወረቀት ታተመ፣ ታሸገ፣ ማህተም ተመታ። ነብዩን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ሦስት ተኩል ላይ በጮህክበት ድምፅ ድገመው» አለኝ። አልደገምኩትም፤ እሱም አልጠበቀም፣ ወጣ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ሳለ ተናኘወርቅ የወጪ መዝገቧን ታቅፋ መጣች። አሁን አትስቅም ነበር።

«ፈቃደ፣ ከተመላሾቹ ከላይ ያለው ነው የሚሰጠው አይደል ያለው ልጁ?»

«አዎ።»

«ተዘግቶ ሲመለስስ የት ይገባል?»

«ከላይ» አልኩና ገባኝ። ከላይ ይነሳል፣ ከላይ ይመለሳል፤ ቀጣዩም ያንኑ ያነሳል። ያ አንድ ክፍል ከስንብተኛው በኋላ ሐሙስ እስኪመሽ የወጣውን ሁሉ በየተራ አስገብቷል። ሁኔታውን ደግሞ ማንም አልጠረገውም።

«ከስንብተኞቹ ዝርዝር በኋላ መጀመሪያ የወጣችው ባሂራ ናት» አለች ተናኘወርቅ። «ከእሷ በኋላ ዘጠኝ ወጥተዋል።» አነበበችልኝ። የመጀመሪያዋ ፈቲሀ ናት፤ ከባሂራ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ሦስት ዓመት የኖሩ፣ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ልጆች ናቸው።

«ፈቲሀ ትናንት ማታ ስቀድደው ተቆጥታኛለች» አለች ባሂራ። «ማህተም የተመታበት አይነካም ብላ። ዛሬ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስታ ሄደች። ሌሎቹ ስምንቱም አብረዋት ነው የሄዱት።»

ማንም አልከፈተም። ዘጠኙም ደንብ አክብረው፣ የተባረሩበትን ወረቀት በማህተም እንደታሸገ፣ ራሳቸው ተሸክመው ሄደዋል። ወደ ዲኑ ሮጥኩ። ዘጠኙን እናትም፣ እኔ ይዤ እሄዳለሁ አልኩት።

«ቃለ ጉባኤው የአንድ ሰው ነው» አለ ማህተሙን ወደ መሳቢያ እየመለሰ። «አቤቱታ ያቀረበችው አንዲት ናት። ያላመለከተ አይታረምም። ዘጠኙ ይምጡና ያመልክቱ፣ እንገመግማለን።»

«ዛሬ ነው የሚዘጋው።»

«አንተ ነህ እንዴ ስለ ሰዓት የምትነግረኝ? ጠዋት ሙሉ ልጁን ስትከስ ሰዓት አልነበረህም።»

ሰደብኩት። ምን እንዳልኩት አልጽፈውም፤ ማህተሙን ግን አላወጣውም። ከነብዩ ጋር ስታገል ያለፉትን ሰዓታት ቆጥሮ ነው የነገረኝ። እውነቱን ነው። ሦስት ተኩል ላይ «እስቲ የሁላችንንም ኮድ እንየው» ብል ኖሮ አራት ሰዓት ላይ መስመሯ ትገኝ ነበር፤ አስሩም ወረቀት አንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባ ነበር።

ከባሂራ ጋር ሰባት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያው ወጣን። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ ተቀመጠች፤ አጠገቤ ቦታ ነበረ። የቸሃን ዳገት ስንወጣ ሾፌሩን ፍጠን ብዬ ስነዘንዘው ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ከእንሰት ማሳው ጉም እየወረደ ነበርና ሾፌሩ «ሰውየው፣ መሞት ከፈለግህ ወርደህ ሙት» አለኝ። ባሂራ ፖስታውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ እንደያዘች ነው። መንገዱን ሁሉ ያወራችኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ያ ቃል የእውነት የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሙከሚል የሚባል ልጅ ነበር አልኳት። ማን እንዳባረረው ስትጠይቀኝ የዲሲፕሊን ኮሚቴው አልኳት። ኮሚቴው ውስጥ ነበሩ ወይ አለች። ነበርኩ አልኳት፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

ወልቂጤ ስንደርስ አስራ አንድ ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ባሂራ ወርዳ በሩጫ ነው የሄደችው። ስደርስ የቢሮው ሠራተኛ ፖስታዋን ቀዶ፣ አንብቦ፣ መዝግቧታል። ዞር ብላም አላየችኝ።

«ጠዋት ዘጠኝ ፖስታ ከእኛ ኮሌጅ መጥቶላችኋል» አልኩት ሠራተኛውን።

«አዎ። ለይተን አስቀምጠናል፤ አይመደቡም።»

«ዘጠኙም ላይ አንድ ዓይነት ቃል ሲመጣ ምንም አልመሰላችሁም?»

«ዘንድሮ በደንብ አጣርታችኋል ብለን ነው» አለኝ፤ እያሾፈ አልነበረም።

ስህተት እንደሆነ ነገርኩት። በእጄ ጽፌ፣ ስሜንና የሥራ ድርሻዬን አስፍሬ፣ ፈርሜ አቀረብኩለት። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየው። «ማህተምስ?» አለ። የለውም አልኩት። መለሰልኝ። ለመንኩት፤ እኔ ሰው ለምኜ የማላውቅ ሰውዬ ለመንኩት። እሱ መስኮቶቹን መዝጋት ጀምሮ ነበር።

ስወጣ ፈቲሀ በጎን በኩል ባለው በረንዳ ላይ፣ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። ሌሎቹ ምሳ ብለው እንደወጡ አልተመለሱም ነበር፤ እሷ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ልቅደም ብላ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳችም። ስታየኝ ብድግ አለች። «ቲቸር» አለች ፈገግ ብላ፣ «እርስዎም መጡልን? ባሂራ ቀድዳው ያደረገችውን ሰሙ አይደል? እኔ እንዳሸጋችሁት ነው ያስረከብኩት።»

ተቀመጪ አልኳት፤ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። ፖስታዋ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምደባው እንዳለፋት፣ ስሟ ከምን ጋር እንደተጻፈ። ነብዩን አላነሳሁም፣ ዲኑንም አላነሳሁም። የእኔ ጥፋት ነው አልኳት፤ አንዲት መስመር መጻፍ ነበረብኝ፣ አልጻፍኳትም።

ፈቲሀ አላለቀሰችም። የተዘጋውን መስኮት አየች።

«መስመሯን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለችኝ።

«ግማሽ ደቂቃ» አልኳት።

«እኔ ደግሞ ወረቀቱ ሦስት ዓመት ነው የፈጀብኝ» አለች።